የካርል ሉዊስ 23 እርምጃ

8.68። ፋውል። 8.83። 8.91። 8.87። 8.84።

አሜሪካዊው ካርል ሉዊስ ኦገስት 30 ቀን 1991 ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና የርዝመት ዝላይ ፍጻሜ ያደረጋቸው ስድስት ሙከራዎች በሜትር ሲለኩ እነዚህ ናቸው፤ ፋውል ማለት የመነሻ ጣውላውን አልፎ በመርገጥ የተሰረዘ ሙከራ ነው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ውድድር እንዲህ ያለ ተከታታይ ውጤት ከእሱ በፊትም ሆነ ከእሱ በኋላ አልታየም። ያን ቀን ግን ተሸነፈ። ማይክ ፓወል በአምስተኛው ሙከራው 8.95 ዘለለ፤ ቦብ ቢሞን በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሰቀለውን የ8.90 የዓለም ክብረ ወሰን አወረደው፤ ሉዊስ በዝላይ በተከታታይ ያሸነፋቸው ውድድሮችም 65 ላይ ቆሙ። ከዚያ በፊት በዝላይ የቀደመው ሰው ላሪ ማይሪክስ ነበር፤ እሱም በ1981 መጀመሪያ። አሥር ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

ስለ ሉዊስ ሲወራ ሁልጊዜ የሚቆጠረው ሜዳሊያው ነው፦ ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አንድ ብር፣ ስምንት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ። ቆጠራው ልክ ነው፤ ሰውየው ምን እያደረገ እንዳሸነፈ ግን አይነግረንም። እንደ እኔ አስተያየት መቶ ሜትርና ርዝመት ዝላይ ለእሱ አንድ ሙያ ነበሩ። ሙያው ደግሞ ያገኘውን ፍጥነት አለማባከን ነው፤ በመቶ ሜትር የመጨረሻዎቹ 30 ሜትሮች ላይ፣ በዝላይ ደግሞ ጣውላውን ከመርገጡ በፊት ባሉት ሁለት እርምጃዎች ላይ።

ከመንደርደሪያው እንጀምር። ሉዊስ ወደ ጣውላው የሚሮጠው 23 እርምጃ ሲሆን ርቀቱ ከ50 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ይህ በጣም ረጅም ነው። ጀማሪ ዘላይ 11 ወይም 13 እርምጃ ቢንደረደር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ቢጨምር ከፍተኛ ፍጥነቱን መሐል መንገድ ላይ ይጨርስና ጣውላው ጋ ሲደርስ እየቀዘቀዘ ይሆናል። ረጅም መንደርደሪያ የሚጠቅመው ረጅም ርቀት እየፈጠነ መሄድ ለሚችል ሯጭ ብቻ ነው። ሉዊስ ደግሞ የመቶ ሜትር ሻምፒዮን ስለሆነ ከ40 ሜትር በኋላም ገና እየጨመረ ነበር።

ችግሩ እርምጃ በበዛ ቁጥር ስህተቱም መጠራቀሙ ነው። እያንዳንዷ እርምጃ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትረዝም 23ኛዋ ላይ ከጣውላው ጫፍ 23 ሳንቲ ሜትር ታልፋለህ። ጣውላው ራሱ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እርምጃዎች በየሙከራው አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ብዙ ወጣት ዘላዮች ፋውል ሲያበዙ ጥፋቱን ጣውላው አጠገብ ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው 40 ሜትር ወደ ኋላ፣ መነሻው ላይ ነው፤ አንዴ ቆመው ይነሳሉ፣ አንዴ ተራምደው፣ አንዴ ዘለል ዘለል ብለው። ነፋሱም አለ። ከኋላ ሲነፍስ እርምጃ ስለሚረዝም መነሻ ምልክትህን ትንሽ ወደ ኋላ ትወስደዋለህ፤ ከፊት ሲነፍስ ወደ ጣውላው ታቀርበዋለህ። በትልቅ ውድድር ላይ ዘላዮች ሜትራቸውን ይዘው ምልክታቸውን ሲያስተካክሉ የምታዩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል በቴሌቪዥን ስናይ የሚያመልጠን ነው፤ ዓይናችን በአየር ላይ ያለውን ሰው ይከተላልና። ዝላዩ የሚወሰነው ግን ከመጨረሻዋ በፊት ባለችው እርምጃ ነው። ይቺ እርምጃ ከሌሎቹ ትረዝማለች፤ ዘላዩ በሙሉ ውስጥ እግሩ ይረግጥና ዳሌውን ዝቅ ያደርጋል። የመጨረሻዋ እርምጃ ደግሞ ከእሷ ታጥራለች፤ ገላው ገና ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር እግሩ ጣውላው ላይ ያርፋል። ጣውላው ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ወደ ፊት የነበረው ፍጥነት የተወሰነው ወደ ላይ ይቀየራል፤ የተወሰነው ደግሞ ይጠፋል። ምን ያህል እንደሚጠፋ የሚወስነው እግሩ የት እንዳረፈ ነው። ዘላዩ ጣውላውን ለመድረስ እግሩን ወደ ፊት ከዘረጋ ተረከዙ ከገላው በጣም ቀድሞ መሬት ይመታል፤ ያ ፍሬን መያዝ ማለት ነው። ፍጥነቱ ይሞታል፣ ጉልበቱም የገላውን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል።

ሉዊስ ይህን የተማረው በሕመም ነው። በ1961 አላባማ፣ በርሚንግሃም ተወልዶ ያደገው ኒው ጀርሲ፣ ዊሊንግቦሮ ውስጥ ነው። አባቱ ቢልና እናቱ ኤቭሊን የአትሌቲክስ አሰልጣኞች ነበሩ፤ እናቱ በ1951 የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ላይ በመሰናክል አሜሪካን የወከለች፣ እህቱ ካሮል ደግሞ በ1983 የዓለም ሻምፒዮና በርዝመት ዝላይ ነሐስ ያገኘች ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ 8.13 ዘለለ። ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት በዝላይ ብዛት ታሞ ነበር፤ እንዲህ ከቀጠለ ዝላይ ማቆም ሊኖርበት ይችል ነበር። አሰልጣኙ ቶም ቴሌዝ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች ቀየረለት። እግሩ ከገላው ርቆ ሳይሆን ከሥሩ ቀረብ ብሎ እንዲያርፍ አደረገው። ጉልበቱ ተረፈ፤ ዝላዩም ረዘመ። ሁለቱም ከአንድ ማስተካከያ የመጡ ናቸው፤ ጉልበቱን ያሳመመውም ፍጥነቱን የበላውም ያው ፍሬን ነበርና።

በአየር ላይ ያለው አካሄድም ተቀየረ። በፊት ገላውን ለጥጦ ይንጠለጠል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአየር ላይ እንደሚሮጥ ሰው እግሩን የሚያዞርበትን ስልት ያዘ። ይህ የእግር ማዞር አንድ ሳንቲ ሜትር አይጨምርም። አንድ ጊዜ መሬት ከለቀቅህ መንገድህ ተወስኗል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጣውላው ላይ እግር ሲቆም የላይኛው ገላ ወደ ፊት መደፋት ይፈልጋል፤ እጅና እግር ማዞሩ ያንን ይከላከልና ስታርፍ እግርህን ወደ ፊት እንድትዘረጋ ዕድል ይሰጥሃል። ወደ ፊት የተደፋ ሰው እግሩ ቶሎ አሸዋ ይነካል፤ ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር እንዲሁ ይቀራል።

አሁን ወደ ቶኪዮ እንመለስ። የጃፓን ተመራማሪዎች ያን ምሽት ሁለቱንም ዘላዮች በካሜራ ቀርጸው ለክተዋቸዋል። ጣውላው ጋ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ሁለቱም በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ፣ ሉዊስ በጥቂቱ ይበልጣል። ልዩነቱ የመጣው ጣውላው ላይ ነው። ፓወል ብዙ ፍጥነት ከስሮ ወደ ላይ ተነሳ፤ የተነሳበት ማዕዘን ወደ 23 ዲግሪ ነው። ሉዊስ በ8.91 ዝላዩ የተነሳው በ18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱን ይዞ። እንግዲህ የሉዊስ ስልት ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ይታያል። ፍጥነት የማያባክን ሰው ውጤቱ አይዋዥቅም፤ አራት ዝላይ ከ8.80 በላይ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ፓወል በተቃራኒው በ7.85 ጀመረ፣ ሁለቴ ፋውል ሠራ፣ አንዴ ግን ሁሉም ነገር ገጠመለት።

የነፋሱ ነገር አሁንም ያከራክራል። በርዝመት ዝላይ ነፋስ የሚለካው ዘላዩ ከጣውላው 40 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ምልክት ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ ለአምስት ሰከንድ ነው፤ አማካዩ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ካለፈ ዝላዩ ለክብረ ወሰን አይያዝም። ለውድድሩ ደረጃ ግን ይቆጠራል። የሉዊስ 8.91 የኋላ ነፋሱ 2.9 ነበር። ስለዚህ ሙከራው ከቢሞን አንድ ሳንቲ ሜትር ቢያልፍም ክብረ ወሰን አልሆነም፤ ውድድሩን ግን ለጊዜው እንዲመራ አድርጎታል። የፓወል 8.95 ነፋሱ 0.3 ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሉዊስ በቀሩት ሁለት ሙከራዎች 8.87 (ነፋሱ እንዲያውም ከፊት 0.2) እና 8.84 ዘለለ። ሁለት ጣት በምታህል ልዩነት መሪነቱን ተነጥቆ፣ የአሥር ዓመት ሪከርዱ ሲንኮታኮት እያየ፣ በሕይወቱ ምርጡን ሕጋዊ ዝላይ ማምጣቱ ከ65ቱ ድሎች ከብዙዎቹ በላይ ያስደንቀኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቢሞን የዘለለባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሯጩን ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከፍታ ለረጅም ርቀት ሯጭ የሳንባ ልምምድ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናወራለን፤ ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ደግሞ በውድድሩ ቀን ቀጥተኛ ስጦታ መሆኑ ብዙም አይነሳም። የሉዊስ ትልልቅ ዝላዮች የተመዘገቡት ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው።

መቶ ሜትሩም ያው ታሪክ ነው። ከቶኪዮው ዝላይ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 25፣ ሉዊስ መቶ ሜትርን በ9.86 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሌሮይ በሬል 9.88፣ ዴኒስ ሚቸል 9.91፤ ስድስት ሰዎች ከ10 ሰከንድ በታች ገቡ። ሉዊስ 1.88 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ነው፤ ረጅም ሰው ከብሎክ (ከመነሻው የእግር መደገፊያ) ሲነሳ ይዘገያል። ያን ቀን 30 ሜትር ላይ ከበሬል ኋላ ነበር። የያዘው ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ነው።

ውድድሩን በስርጭት ያየ ሰው ሉዊስ 70 ሜትር ላይ እንደገና ፍጥነት የጨመረ ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ብለን ያደግን ሕዝብ ስለሆንን ይህን ለማመን እንቸኩላለን። ምሩጽ በእርግጥም ማርሽ ይቀይር ነበር፤ በ10,000 ሜትር የመጨረሻ ዙር ላይ የሚጨመር ፍጥነት አለ፤ ከዚያ በፊት ሯጩ ከአቅሙ በታች ነው የሚሮጠው። በመቶ ሜትር ግን ሁሉም ከመጀመሪያው በሙሉ ኃይሉ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ከ50 እስከ 80 ሜትር ባለው ውስጥ ይደረስና ከዚያ ሁሉም ይቀንሳል። ሉዊስ የሚቀንሰው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር። ከጎን ስታየው የጨመረ የሚመስለው ሌሎቹ ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ነው።

ቴሌዝ መቶ ሜትርን ከፋፍሎ ያስተምር ነበር። በእሱ ስሌት ለሽጉጡ ድምፅ ምላሽ መስጠት የውጤቱ 1 በመቶ፣ ከብሎክ መውጣት 5 በመቶ፣ ፍጥነት መጨመር 64 በመቶ፣ ከፍተኛውን ፍጥነት መያዝ 18 በመቶ፣ የመጨረሻውን መቀዛቀዝ ማሳነስ 12 በመቶ ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። አብዛኛው ወጣት ሯጭ በስድስቱ በመቶ ላይ፣ ማለትም በአነሳሱ ላይ ይጨነቃል። ከብሎክ ሲወጣ እግሩን ቶሎ ቶሎ ያራግፋል፤ እርምጃው ብዙ ይሆናል፣ መሬቱን ግን አይገፋም። 40 ሜትር ላይ ጨርሷል። ሉዊስ ከብሎክ ረጋ ብሎ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እስከ መጨረሻ እየገፋ ይወጣ ነበር፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመውም ቀስ በቀስ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ፊቱን ተመልከቱት። መንጋጋው ልቅ ነው፣ ትከሻው ዝቅ ብሏል፣ ጣቶቹ ተዘርግተዋል። የሚሸነፍ ሯጭ 80 ሜትር ላይ ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ የእጁ መወዛወዝ ያጥራል፤ እጅ ሲያጥር እግርም አብሮ ያጥራል። መጨናነቅ ኃይል አይጨምርም፤ የሚሮጠውን ጡንቻ የሚይዘው ተቃራኒው ጡንቻ ነው።

ሉዊስ ለኦሊምፒክ መጀመሪያ የተመረጠው ለ1980ው ሞስኮ ነበር፤ አሜሪካ ስለቀረች አልሄደም። ምሩጽ ሁለት ወርቅ ያጠለቀበት ጨዋታ መሆኑ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ሎስ አንጀለስ ላይ ሉዊስ አራት ወርቅ ሲወስድ ደግሞ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጎራ ጋር ሆና ቀርታ ነበር፤ ሴኡልም አልሄድንም። ሉዊስ ገናና በነበረባቸው ሁለት ኦሊምፒኮች የኛ ሰው ትራኩ ላይ አልነበረም።

በሎስ አንጀለስ ያሸነፋቸው አራቱ ውድድሮች ጄሲ ኦውንስ በ1936 በርሊን ላይ ያሸነፋቸው ናቸው፦ 100 ሜትር (9.99)፣ ርዝመት ዝላይ (8.54)፣ 200 ሜትር (19.80) እና 4 በ100 ዱላ ቅብብል (37.83፣ የዓለም ክብረ ወሰን)። የሕዝቡ ጩኸት የመጣው በዝላዩ ላይ ነው። ሉዊስ በመጀመሪያ ሙከራው 8.54 ዘለለ፣ ሁለተኛው ፋውል ሆነ፣ ቀሪዎቹን አራት ተዋቸው። ተመልካቹ የቢሞን ክብረ ወሰን ሲሰበር ለማየት ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ነበርና አፏጨበት። ስሌቱን ብናየው ግን ትክክል ነበር። ያን ዕለት የ200 ሜትር ማጣሪያ ሮጧል፤ የ200 ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ከሁለት ቀን በኋላ ይጠብቀዋል፤ ምሽቱ ቀዝቅዟል። ሁለተኛ የወጣው 8.24 ነው የዘለለው፤ ልዩነቱ 30 ሳንቲ ሜትር። በሙሉ ኃይል የሚደረግ እያንዳንዱ ዝላይ የጭን ጀርባ ጡንቻን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በተለይ ሰውነት ሲቀዘቅዝ። በአንድ ሳምንት አራት ወርቅ የሚፈልግ ሰው የማያስፈልገውን ዝላይ አይዘልም። ሕዝቡ ግን ይህን አልረሳለትም፤ «ቆጣቢ» ተባለ፣ ትዕቢተኛም ተባለ። ትዕቢቱ እንኳን ትንሽ ነበረበት፤ ጁን 1983 ኢንዲያናፖሊስ ላይ 200 ሜትር ሲሮጥ መጨረሻው ሳይደርስ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነው የገባው። ሰዓቱ 19.75 ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን በሦስት መቶኛ ሰከንድ አመለጠው።

ሴኡል 1988ን ሁሉም ያውቀዋል። ቤን ጆንሰን 9.79 ሮጦ ቀደመ፣ ሉዊስ በ9.92 ሁለተኛ ገባ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ጆንሰን ስታኖዞሎል ተገኝቶበት ወርቁ ወደ ሉዊስ ዞረ። ይህ ወርቅ ለሉዊስ ሌላ ትርጉምም ነበረው። አባቱ በ1987 ሲሞት የሎስ አንጀለሱን የመቶ ሜትር ወርቅ ከአስከሬኑ ጋር አስቀብሮት ነበርና። በዝላይ በ8.72 ደገመ፤ በ200 ሜትር የልምምድ ጓደኛው ጆ ዴሎች በ19.75 ቀደመው፣ እሱ 19.79። በዱላ ቅብብሉ የአሜሪካ ቡድን ገና በማጣሪያው ተሰረዘ፤ ዱላው የተሰጠው ከመቀባበያው ክልል ውጭ ነበር። ሉዊስ በዚያ ዙር አልሮጠም፤ ለፍጻሜው ነበር የተቀመጠው።

የሴኡል ወሬ ግን እዚያ አያልቅም፤ ሳይነሳ ቢታለፍም ሐቀኝነት አይሆንም። በ2003 ይፋ የሆኑ ሰነዶች እንዳሳዩት ሉዊስ በ1988ቱ የአሜሪካ ማጣሪያ ላይ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች ተገኝተውበታል፤ ኤፌድሪን፣ ሲውዶኤፌድሪንና ፌኒልፕሮፓኖላሚን። በጉንፋን መድኃኒትና በአንዳንድ የዕፅዋት ማሟያዎች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መጀመሪያ ሊያግደው ነበር፤ ሳያውቅ የወሰደው ነው የሚለውን ይግባኝ ሲቀበል ተወው። መጠኑ አነስተኛ ነበር፤ በኋላ በወጡት ደንቦች መነጽር ቢታይ የሚያስቀጣ አልነበረም። ከስታኖዞሎል ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም፤ ስታኖዞሎል ጡንቻ የሚገነባ ስቴሮይድ ነው። ግን ጉዳዩ 15 ዓመት ተዳፍኖ መቆየቱ፣ ሉዊስም በዚያው ዘመን ስለ ሌሎች ሰዎች ዶፒንግ ከማንም በላይ ጮኾ መናገሩ፣ ለትችት ዳርጎታል፤ ትችቱም ያለምክንያት አይደለም።

በ1992ቱ የአሜሪካ ማጣሪያ ላይ ታሞ ስለነበር በ100 ስድስተኛ፣ በ200 አራተኛ ሆኖ ቀረ፤ በሁለቱም ቦታ አጣ። ባርሴሎና የሄደው ለዝላይና ለዱላ ቅብብል ተጠባባቂነት ነው። ዝላዩን በመጀመሪያ ሙከራው 8.67 አሸነፈ፤ ፓወል 8.64 ላይ ቀረ። ማርክ ዊዘርስፑን በ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ የተረከዝ ጅማቱ ሲጎዳ ደግሞ ሉዊስ በዱላ ቅብብሉ ገባ፤ ማይክ ማርሽ፣ ሌሮይ በሬል፣ ዴኒስ ሚቸል፣ ሉዊስ፤ 37.40፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሉዊስ ለመጨረሻው ዙር የሚመረጠው ለምን እንደሆነ ከላይ ከተባለው ይገባል። ዱላ የሚቀበለው እየሮጠ ነው፤ የሚያዘገየው የብሎክ አነሳስ የለም፤ የቀረው የሚችልበት ክፍል ብቻ ነው።

አትላንታ 1996 ላይ 35 ዓመቱ ነበር። በማጣሪያው አንድ ሙከራ ሲቀረው 15ኛ ላይ ነበር፤ በመጨረሻው ዝላዩ አንደኛ ሆኖ አለፈ። ፍጻሜው ጁላይ 29 ነበር። በሦስተኛው ሙከራው 8.50 አገኘ፤ ማንም አልደረሰበትም፤ ጃማይካዊው ጄምስ ቤክፎርድ በ8.29 ሁለተኛ ሆነ። ፓወል ተጎድቶ አሸዋው ላይ ወደቀ፤ የዘመኑ ምርጥ የነበረው ኩባዊው ኢቫን ፔድሮሶም ከጉዳት አላገገመም ነበር። እውነቱን ለመናገር 8.50 ለሉዊስ ትልቅ ዝላይ አይደለም፤ የተፎካካሪዎቹ ጉዳት ረድቶታል። ቢሆንም በአንድ ዓይነት ውድድር አራት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ከእሱ በፊት በአትሌቲክስ ያገኘው የዲስከስ ወርዋሪው አል ኦርተር ብቻ ነበር።

ያን ምሽት በዚያው ስታዲየም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትርን በ27:07.34 ፖል ቴርጋትን ቀድሞ አሸነፈ። የአትላንታው ትራክ ጠንካራ ነበር። ጠንካራ ትራክ ለአጭር ርቀት ሯጭ መልካም ነው፤ የረገጠበትን ኃይል ቶሎ ይመልስለታል፤ ማይክል ጆንሰን በዚያው ምሽት 400 ሜትርን በ43.49 ሮጦበታል። 25 ዙር ለሚሮጥ ሰው ግን እግር ይልጣል። ኃይሌ እግሩ ውኃ ቋጥሮ 5,000 ሜትሩን ተወው። ለሉዊስ የጠቀመው ወለል ለኛ ሰው አንድ ሜዳሊያ አስከፍሎታል ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሉዊስ አሥረኛውን ወርቅ ለማግኘት ዱላ ቅብብሉ ውስጥ እንዲገባ በአደባባይ ሲወተውት ሰነበተ፤ አሰልጣኞቹ ግን አላስገቡትም። እኔ እንደማየው ልክ ናቸው፤ በአሜሪካው ማጣሪያ በመቶ ሜትር ፍጻሜ መጨረሻ የወጣ ሰው ነበር፤ የዱላ ልምምዱንም አብሮ አልሠራም። አሜሪካ በካናዳ ተሸነፈች። በ1997 ጫማውን ሰቀለ። በኋላ ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በአሰልጣኝነት ተመልሶ ከድሮ ተፎካካሪውና ጓደኛው ከሌሮይ በሬል ጋር ሠርቷል፤ በሬል ሲሄድም ዋናውን አሰልጣኝነት ተረክቧል።

ከክብረ ወሰኖቹ ውስጥ የመቶ ሜትሩም የዱላ ቅብብሉም ተሰብረዋል። የቀረው ጃንዋሪ 27 ቀን 1984 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ በመጨረሻ ሙከራው የዘለለው 8.79 ነው፤ የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን። ቤት ውስጥ የሚገፋ ነፋስ የለም፤ ከፍታም አያግዝም፤ ያለው እስከ ጣውላው የያዝከው ፍጥነት ብቻ ነው። እስካሁን ያለፈው የለም።